የወረቀት ሥዕል በቤትና በመንገድ

ከአዳማ ተነሥቶ ወደ ጅቡቲ የሚወርደውን የጭነት መኪና ጋቢና የተመለከተ ሰው፥ ከሾፌሩ ፊት ለፊት የተለጠፈችውን የቅዱስ ገብርኤልን ወይም የእመቤታችንን የወረቀት ሥዕል ሳያይ አይቀርም። ይህች ሥዕል ከቤተ ክርስቲያን ደጃፍ በትንሽ ገንዘብ የምትገዛ ናት፤ ታሪኳ ግን ረጅም ነው።

ቀድሞ ቅዱሳት ሥዕላት በየቤቱ አይገኙም ነበር። በዝዋይ ሐይቅ፥ በደብረ ጽዮን (ቱሉ ጉዶ) ደሴት ተጠብቀው እንደ ቆዩት ያሉ የብራና መጻሕፍት በእጅ የሚጻፉና የሚሣሉ ስለ ነበሩ ብዙ ድካምና ወጪ ይጠይቁ ነበር። ድኻው ሥዕልን የሚያየው ቤተ ክርስቲያን ሲሳለም ነው። በኤውሮጳም ነገሩ ይኸው ነበር።

በጀርመን አገር ግን በ15ኛው መቶ ዓመት አንድ ጥበብ ተስፋፋ። ጠራቢው በእንጨት ገበታ ላይ ከተነደፈው መስመር ውጭ ያለውን በቢላዋ ፈልፍሎ ያወጣል፤ የቀረውን መስመር ቀለም ቀብቶ ወረቀት ይጫንበታል። እንደ ኤውሮጳውያን አቈጣጠር በ1390 ዓ.ም. በኑርንበርግ አጠገብ የወረቀት ወፍጮ መቋቋሙም ሥራውን አቃለለው። ሥዕሎቹ ለተሳላሚዎች ይሸጡ፥ በግድግዳና በሣጥን ክዳንም ይለጠፉ ነበር።

ከእነዚህ አንዱ፥ በዚያው አቈጣጠር 1423 የሚል ዓመት የተቀረጸበት፥ ሕፃኑን ክርስቶስን ተሸክሞ ወንዝ የሚሻገረው የቅዱስ ክርስቶፎሮስ ሥዕል ነው። ከሥሩ ያለው ጽሑፍ፥ የቅዱሱን ፊት ያየ ሰው በዚያ ቀን ክፉ ሞት እንደማያገኘው ተስፋ ይሰጣል። መንገደኞች ይህን ቅዱስ አብዝተው የወደዱት ስለዚህ ነው። ሥዕሉ ከጥፋት የዳነው በአንድ የብራና መጽሐፍ ሽፋን ውስጥ ተለጥፎ ስለ ቆየ ሲሆን፥ ዛሬ በእንግሊዝ አገር በማንቸስተር ከተማ ይገኛል። በየግድግዳው የተለጠፉት ብዙዎቹ በጢስና በእርጥበት ጠፍተዋል።

ይህን ታሪክ ያነሣነው ያለ ምክንያት አይደለም። ሥዕሏን ተማምኖ ፍሬኑን ሳይፈትሽ፥ እንቅልፍ እየተጫነው የሚነዳ ሾፌር፥ ወረቀቷን እንደ ክታብ ቈጠራት እንጂ ቅዱሱን አላከበረም። በቤት ልጆቹ ይጠብቁታል። እንግዲህ ሥዕሏን እያየን እንጸልይ፤ ከጸሎቱ በኋላም የድርሻችንን ጥንቃቄ እንፈጽም። አርጅታ የተቀደደችውንም በመንገድ ከመጣል ይልቅ፥ ወደ ቤተ ክርስቲያን መልሰን ለካህናት እንስጥ።