ያውቁ ኖሯል? መሪው ክር የማይታጠፍበት ቋጠሮ

ለዓሣ ማጥመጃ የሚያገለግለው ጉንጉን ክር፣ ማለትም ከፀጉር የቀጠኑ የፖሊኢትሊን ጭረቶች እንደ ሹሩባ ተጎንጉነው የሚሠራው ክር፣ እኩል ውፍረት ካለው የናይለን ክር እጅግ የበረታ ቢሆንም፣ ገጹ ስለሚያሙለጨልጭ ተራ ቋጠሮ ሲቋጠርበት ብዙ ጊዜ ሳይበጠስ ሾልኮ ይፈታል። ስለዚህም ከመሪው ክር፣ ይኸውም ከድንጋይና ከዓሣ ጥርስ ጋር መፋተግን እንዲችል ከመንጠቆው በፊት ከሚቀጠለው ወፍራም የናይለን ወይም የፍሎሮካርቦን ነጠላ ክር ጋር ሲያያዝ፣ ብዙ አጥማጆች ኤፍ ጂ የተባለውን ቋጠሮ ይመርጣሉ።

ቋጠሮ ይባል እንጂ አሠራሩ ለሽመና የቀረበ ነው። መሪው ክር ሳይታጠፍ ቀጥ ብሎ ይቆያል፤ ጉንጉኑ ክር ደግሞ አንዴ ከላይ አንዴ ከታች እየተሻገረ 20 ጊዜ ያህል ይጠመጠምበታል። ክሩ ሲሳብ ጥምጥሙ ይረዝማል፣ ሲረዝም ይጠብባል፣ ሲጠብም የመሪውን ለስላሳ ገጽ ነክሶ ይይዛል። መሪው ስለማይታጠፍም መጋጠሚያው ቀጭን ሆኖ በዘንጉ ቀለበቶች ውስጥ ሳይጋጭ ያልፋል።

ፖሊኢትሊን በ150 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ስለሚቀልጥ፣ የፍትጊያው ሙቀት ክሩን እንዳያዳክመው ከማጥበቅ በፊት በውሃ ወይም በምራቅ ማራስ ያስፈልጋል። በሚገባ የጠበቀ ጥምጥም ቀለሙ ጠቆር ይላል፣ በጥፍር ሲገፋም አይንሸራተትም፤ በምትናወጥ ጀልባ ላይ በብርድ የደነዘዙ ጣቶች ግን ይህን ሽመና ቢያበላሹ አያስደንቅም።