እንዝርቱ የሴት፣ ዋጋውስ የማን?

ከደብረ ታቦር ከተማ ተነሥቶ ወደ ወረታ የሚወርደው አውራ ጎዳና መንገደኛውን ከደጋው ብርድ አውጥቶ ወደ ፎገራ ሜዳ ያደርሰዋል። ከ4 ሺህ ሜትር በላይ ከፍታ ያለው የጉና ተራራ ከነገብስ ማሳውና ከነበግ መንጋው ወደ ኋላ ይቀራል፤ ወደ ፊት ደግሞ የሩዝ ማሳ ይታያል። በዚህ መንገድ ግራና ቀኝ የሚኖረው ሕዝብ አዝመራው እንደ አየሩ ቢለያይም በአንድ ነገር ይመሳሰላል። የሚደርበው ጋቢ፣ የሚያጣፋው ነጠላ፣ ሌሊት የሚለብሰው ባና መነሻው አንዲት ሴት ያሾረችው እንዝርት ነው።

ደብረ ታቦር በእጅ ሙያ ስሟ የታወቀ አገር ናት። አፄ ቴዎድሮስ ሴባስቶፖል የተባለውን መድፍ ያሠሩት ከከተማይቱ አጠገብ በምትገኘው በጋፋት ነው። ብረት ያቀለጡት ሰዎች ታሪክ በመጽሐፍ ሰፍሯል። የዚያን ዘመን ሰው ያለበሱት ፈታዮች ግን ስማቸው የትም አልተጻፈም። ሙያቸው እንደ ሙያ ሳይሆን እንደ ቤት ውስጥ ግዴታ ይታይ ነበርና።

የሥራውን ሂደት የተመለከተ ሰው ድካሙን ለመገመት አይቸገርም። ደጋው ጥጥ ስለማያበቅል ጥጡ ከቆላ መጥቶ በገበያ ይገዛል። ሴትዮዋ ፍሬውን በመዳመጫ ታወጣለች፤ በደጋን ነድፋ ባዘቶውን ታዘጋጃለች፤ ከዚያም በእንዝርት ትፈትላለች። ለድር የሚሆነው ፈትል ቀጭንና ጠንካራ፣ ለማግ የሚሆነው ለስለስ ያለ መሆን አለበት። ይህን ልዩነት በጣቷ የምታውቀው ፈታይዋ ብቻ ናት። አንድ ሸማኔ ሥራ ሳይፈታ እንዲውል ከአንድ በላይ ፈታይ እንደሚያስፈልግ የሙያው ሰዎች ሁሉ ያውቁታል።

ሆኖም በዋጋው ላይ የሚታየው ሌላ ነው። ባለቤቲቱ ፈትሏን ወደ ሸማኔ ስትወስድ የሸማኔው የእጅ ዋጋ ተነጋግረው ይቆረጣል። የጥጡም ዋጋ በገበያ የታወቀ ነው። ሳምንታት የፈጀው የፍተላ ጊዜ ግን ከሊጥ ማቡካትና ልጅ ከማዘል ጋር ተደባልቆ፣ “የቤት ሥራ ነው” ተብሎ ከሒሳቡ ውጪ ይቀራል። ጋቢው ለገበያ ቢወጣ እንኳ ገዢው የሚከራከረው በጥለቱና በሸማኔው እጅ እንጂ በፈታይዋ ሰዓት አይደለም።

በጎንደር አካባቢ መቀመጫው የሸማኔ ጉድጓድ የነበረው ሰው ወንድ ነው። ሽመና በአብዛኛው የሙስሊሞችና የቤተ እስራኤል ወንዶች ሙያ ሆኖ ኖሯል። እነዚህም ሙያተኞች የሚያለብሱት ሕዝብ ራሱ “ቁጢት በጣሽ” እያለ ያዋርዳቸው እንደነበር አይዘነጋም። በመሆኑም ፈታይዋ ዋጋ፣ ሸማኔው ክብር አጥተው ኖረዋል ማለት ይቻላል።

ዛሬ ፍተላ የሚፎካከረው ከማሽን ጋር ነው። ከጦርነት ካሣ በተገኘ የኢጣሊያ ገንዘብ የተሠራው የባሕር ዳር ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ በ1953 ዓ.ም ሥራ ከጀመረ ወዲህ የፋብሪካ ድር በአካባቢው እየተለመደ ሄዷል። ብዙ ሸማኔዎች ድሩን ከፋብሪካ፣ ማጉን ከእጅ ፈትል ያደርጋሉ። በቅርብ ዓመታት ደግሞ ጥለቱ በማሽን የታተመ፣ የሐበሻ ልብስ መስሎ ከውጭ የሚገባ ርካሽ ጨርቅ ገበያውን አጣቧል። በሌላ በኩል ልጃገረዶች ትምህርት ቤት ገብተዋል፤ ይህም ደስ የሚያሰኝ ነገር ነው። ነገር ግን ፊደል የቆጠረች ልጅ እናቷ በነጻ የሠራችውን ሥራ በነጻ እንድትረከብ መጠበቅ ሞኝነት ነው። ሙያው የሚጠፋ ከሆነ የሚጠፋው ፋብሪካ ስለመጣ ብቻ ሳይሆን ዋጋ ስላልተከፈለው ጭምር ነው።

ታዲያ ሌላ መንገድ የለም? አንዱ መልስ ከዚሁ አውራ ጎዳና ብዙም ሳይርቅ ይገኛል። ወረታ ሊደረስ 10 ኪሎ ሜትር ያህል ሲቀር፣ በፎገራ ወረዳ፣ ከዋናው መንገድ ገባ ብላ የምትገኘው የአውራምባ መንደር ናት። ማኅበረሰቡን በ1964 ዓ.ም የመሠረቱት ዙምራ ኑሩ የደቡብ ጎንደር የእስቴ ተወላጅ ናቸው። ገና በልጅነታቸው፣ እናታቸው ከአባታቸው እኩል እርሻ ውለው ሲመለሱ አባት ሲያርፉ እናት ግን ወጥ ሲሠሩ፣ እህል ሲፈጩና እግር ሲያጥቡ አይተው “ለምን?” ብለው እንደጠየቁ ደጋግመው ተናግረዋል።

የአውራምባ ሰዎች ከጎረቤት ጋር በተነሣ ግጭትና በደረሰባቸው ጫና በ1980ዎቹ መጀመሪያ አካባቢያቸውን ለቀው ወደ ቦንጋ ተሰደው ነበር። ከ1983ቱ የመንግሥት ለውጥ በኋላ ሲመለሱ የቀራቸው መሬት ከ20 ሄክታር ያነሰ ነበር። ነዋሪው በዚህች መሬት በእርሻ ብቻ ሊኖር እንደማይችል ግልጽ ሆነ። ስለዚህ ወደ ሽመና፣ ወደ እህል ወፍጮና ወደ ንግድ ፊታቸውን አዞሩ።

በሽመናው አዳራሽ የሚታየው ነገር ለአካባቢው እንግዳ ነበር። ሴቶች በሸማ ዕቃው ላይ ተቀምጠው መወርወሪያ ይወረውራሉ፤ ወንዶች ደግሞ እንዝርት ይዘው ይፈትላሉ። ሥራ የሚከፋፈለው በችሎታ እንጂ በጾታ አይደለም። የኅብረት ሥራ ማኅበሩ ገቢም ለአባላቱ እኩል ይከፋፈላል። ጋቢው፣ ብርድ ልብሱና ሻርፑ ሲሸጥ የፈተለም የሸመነም ከአንድ ሒሳብ ይካፈላል ማለት ነው። አቅመ ደካሞችና አረጋውያንም ከሥራው ፍሬ ይጦራሉ።

አውራምባም ቢሆን ችግር አላጣችም። የማኅበሩ ልብስ አንዱ ገዢ የነበረው ከሩቅ የሚመጣው ጎብኚ ነው። በክልሉ በ2015 ዓ.ም የተቀሰቀሰው ግጭት ግን መንገዱን አስፈሪ፣ ጎብኚውን ብርቅ አድርጎታል። የእጅ ሥራ ገበያውን በእንግዳ ላይ ብቻ ከጣለ እንግዳው በቀረ ቀን እንዝርቱም እንደሚቆም ይህ ያስተምራል። ስለዚህ ለቅርብ ገበያ፣ ለወረታ፣ ለደብረ ታቦርና ለባሕር ዳር ለባሽ ማምረት ሊታሰብበት ይገባል።

የፋርጣ ወይም የጋይንት ገበሬ ሁሉ እንደ አውራምባ በአንድ ግቢ ይኑር የሚል የለም። ነገር ግን ከዚያ ሊወሰድ የሚችል ቀላል ትምህርት አለ። ፈትል በሚዛንና በጥራት ተመዝኖ የራሱ ዋጋ ይቆረጥለት። የፈታዮች ማኅበር ሲቋቋም ፈትሉን ለሸማኔ በብዛት ሊያቀርብና ዋጋውን ተነጋግሮ ሊቆርጥ ይችላል። ሽመና መማር ለምትፈልግ ሴትም የሸማ ዕቃው አይከልከላት። የጉና በግ ጠጉርም እንዲሁ ነው፤ ባናው ዋጋ የሚያወጣው የጠጉሩን ፈታይ ያስታወሰ እንደሆነ ብቻ ነው።

“ድር ቢያብር አንበሳ ያስር” ይባላል። ድሩን ያጠነከረችው እጅ ግን የድካሟን ካላገኘች የሚያብር ድር ከየት ይመጣል? ጋቢ የሚገዛ ሁሉ ዋጋ ሲከራከር ስለ ጥለቱ ብቻ ሳይሆን “ፈትሉስ የማን ነው? ስንት ተከፈላት?” ብሎ ቢጠይቅ፣ ለሙያው መቆየት ከማንኛውም የሙገሳ ቃል የበለጠ ይረዳል።