መኪና ለምን ይወደዳል?

ለመሆኑ አንድ የአዲስ አበባ ነዋሪ ለዓመታት ያጠራቀመውን ገንዘብ ያገለገለ ቶዮታ ላይ የሚያውለው ለምንድን ነው? በሌላው ዓለም ሃያና ሠላሳ ዓመት የሠራ መኪና ለብረታ ብረት ነጋዴ ይሸጣል፤ እኛ ዘንድ ግን ኮሮላ ዲኤክስ ደላላ ሲያሯሩጥ፣ ቪትዝ ከወጣበት በላይ ሲሸጥ ኖሯል። ብዙዎች ይህን የጉራ ነገር አድርገው ያዩታል። ገበያውን ቀረብ ብሎ ላየው ግን ገዢው ሞኝ አይደለም። ሲያሰላ የኖረው ስሌት ነበረው። ዛሬ ጥያቄው ያ ስሌት አሁንም ይሠራል ወይ የሚለው ነው።

ዋጋው ከየት መጣ?

ለመኪና ከሚከፈለው ገንዘብ ውስጥ ለፋብሪካው የሚደርሰው ትንሹ ነው። አንድ መኪና ጂቡቲ ደርሶ እስኪገባ የግዢውን፣ የማጓጓዣውንና የኢንሹራንሱን ወጪ ጨምሮ 100 ብር ፈጀ እንበል። ሞተሩ ከ1,300 ሲሲ በላይ፣ ከ1,800 ሲሲ ያልበለጠ ከሆነ፣ በቀድሞው አሠራር 35 በመቶ የጉምሩክ ቀረጥ ሲጨመርበት 135 ብር ይሆናል። በዚህ በ135 ብር ላይ 60 በመቶ ኤክሳይዝ ታክስ ሲታሰብ 216 ብር ይደርሳል። በዚያ ላይ 15 በመቶ ተጨማሪ እሴት ታክስ፣ በሁሉም ድምር ላይ ደግሞ 10 በመቶ ሱር ታክስ ይመጣል። 3 በመቶው ቅድመ ግብር ሲታከልበት የ100 ብሩ መኪና ወደ 276 ብር ይጠጋል።

እዚህ ላይ ልብ ሊባል የሚገባው ነገር አለ። ታክሱ ጎን ለጎን የሚደመር ሳይሆን አንዱ በሌላው ላይ የሚታሰብ ነው። ገዢው ለታክሱም ታክስ ይከፍላል።

በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186 ነገሩን ይበልጥ አከረረው። እስከ 1,300 ሲሲ ያላቸው አዲስ መኪኖች ኤክሳይዝ ከ30 ወደ 5 በመቶ ሲወርድ፣ ባገለገሉት ላይ ግን እንደ ዕድሜያቸው እየጨመረ እስከ 500 በመቶ ደረሰ። በላይኛው ስሌት መሠረት ከ1,800 ሲሲ በላይ የሆነ፣ ከሰባት ዓመት በላይ ያገለገለ የ100 ብር መኪና ከ1,000 ብር በላይ ሊያወጣ ነው ማለት ነው። የአዋጁ ሐሳብ አሮጌ መኪና እንዳይገባ ማድረግ ነበር። ነገር ግን ከውጭ የሚገባው ሲወደድ አገር ውስጥ ያለውም አብሮ መወደዱ አይቀርም። አዋጁ የወጣ ዕለት በግቢው መኪና ያቆመ ሰው ሳይሠራ አተረፈ።

ባንክ ወይስ መኪና?

ሌላው ምክንያት የብር አቅም መዳከም ነው። እስከ 1985 ዓ.ም. መስከረም ድረስ አንድ ዶላር በ2 ብር ከ7 ሳንቲም ይመነዘር ነበር፤ በዚያው ወር 5 ብር ገባ። በ2002 ዓ.ም. ነሐሴ ከ16 ብር አለፈ። በ2010 ዓ.ም. ጥቅምት 27 ብር ገደማ ደረሰ። በ2016 ዓ.ም. ሐምሌ የምንዛሪው ተመን ለገበያ ሲለቀቅ ከ57 ብር ተነሥቶ በሳምንታት ውስጥ 100 ብርን ተሻገረ።

በዚህ መካከል ብሩን በባንክ ያስቀመጠ ሰው ምን አገኘ? ከ2010 ዓ.ም. ጀምሮ ዝቅተኛው የቁጠባ ወለድ 7 በመቶ ሲሆን፣ በ2014 ዓ.ም. ግን የዋጋ ንረቱ ከ30 በመቶ በላይ ነበር። ገንዘቡ በደብተር ላይ ይጨምራል፤ በገበያ ላይ ይቀንሳል። ቤት ለመሥራት አቅሙ የማይፈቅድለት፣ የውጭ ምንዛሪ በሕጋዊ መንገድ ለማስቀመጥ ዕድሉ የሌለው ደመወዝተኛና አነስተኛ ነጋዴ ታዲያ ብሩን የት ያስጠጋ? የቀረበለት መኪና ነበር። ሲቸግር ቶሎ ይሸጣል፣ እስከዚያው ይነዳል። በመኪና ዕቁብ የሚገቡ ሰዎችም ሐሳባቸው ይኸው ነው። «መኪና አያከስርም» የሚለው አባባል የተወለደው ከዚህ ነው።

አባባሉ ግን ግማሽ እውነት ነው። በምሳሌ እንየው። አንድ ሰው በ2010 ዓ.ም. ጥቅምት በ540,000 ብር መኪና ገዛ እንበል። በጊዜው ምንዛሪ 20,000 ዶላር መሆኑ ነው። ሰባት ዓመት ነድቶ በ2017 ዓ.ም. ጥቅምት በ1,440,000 ብር ሸጠው። በብር 900,000 አተረፈ፤ ጎረቤትም ይቀናበታል። ያን ጊዜ ግን ዶላር 120 ብር ገደማ ስለነበር በእጁ ያለው 12,000 ዶላር ብቻ ነው። የ20,000 ዶላሩን አቅም ለመያዝ 2,400,000 ብር ያስፈልገው ነበር።

መኪናው አረጀ እንጂ አልጨመረም፤ የወረደው ብሩ ነው። እርግጥ ያንኑ ገንዘብ ባንክ ያስቀመጠው ሰው ይበልጥ ተጎድቷል። ስለዚህ መኪናው ትርፍ አላመጣም፤ ኪሳራን ቀነሰ። በሁለቱ መካከል ትልቅ ልዩነት አለ።

ስሌት ያልሆነውስ?

ሁሉም ነገር በሂሳብ አይለካም። ጠዋት በታክሲ ሰልፍ አንድ ሰዓት የሚቆም ሠራተኛ፣ ማታ ዝናብ ላይ ሕፃን ያቀፈች እናት፣ ሌሊት የታመመ አባቱን ወደ ሐኪም ቤት የሚያደርስ ልጅ መኪና የሚመኙት ለጉራ አይደለም። በ2008 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው ቀላል ባቡርም ሆነ እነ አንበሳና ሸገር አውቶቡሶች ይህን ጭንቀት ሊያቀሉት ሞከሩ እንጂ አላጠፉትም። መኪና ያለው ሰው ደግሞ ለራሱ ብቻ አይደለም ያለው። ለቅሶ ሲኖር ዕድርተኛ ይጭናል፤ ሰርግ ሲመጣ ሙሽራ ያጅባል። ይህ ክብር ነው፤ ክብርም ዋጋ አለው። ገዢው ግን ለክብር የሚከፍለውን በ«ቁጠባ» ስም ሲመዘግበው ራሱን ያታልላል።

የማይታየው ወጪ

ባለመኪናውን ምን ያህል ያስወጣሃል ብትሉት ቤንዚን ይጠራላችኋል። ቤንዚን በእርግጥ ተወዷል። ለግል መኪና የሚደረገው ድጎማ ቀስ በቀስ እንዲነሣ ከተወሰነ በኋላ፣ በሐምሌ 2014 ዓ.ም. አንድ ሊትር 47 ብር ከ83 ሳንቲም ነበር፤ በመስከረም 2017 ዓ.ም. መጨረሻ 91 ብር ከ14 ሳንቲም ገባ፤ ከዚያም በኋላ ጨምሯል። በቀን 30 ኪሎ ሜትር፣ በወር 25 ቀን የሚነዳ፣ መኪናውም በ100 ኪሎ ሜትር 10 ሊትር የሚፈጅበት ሰው በወር 75 ሊትር ያስፈልገዋል። በመስከረም 2017 ዋጋ ይህ 6,835 ብር ነው።

አሁን ደግሞ ያልተጠራውን እንጥራ። የ1,440,000 ብር መኪና ውስጥ የቆመው ገንዘብ፣ በዝቅተኛው የባንክ ወለድ እንኳ ቢታሰብ፣ ከግብር በፊት በዓመት 100,800፣ በወር 8,400 ብር ያስገኝ ነበር። ይኸውም ከቤንዚኑ ይበልጣል! ሁለቱ ሲደመሩ በወር 15,235፣ ለእያንዳንዱ የሥራ ቀን ከ600 ብር በላይ ይመጣል። ገና ኢንሹራንስ፣ ቦሎ፣ ጎማ፣ ዘይትና ፊልትሮ፣ የፍሬን ሸራ፣ ላቫጆና የፓርኪንግ ሂሳብ አልተነካም። አንድ ቀን ሶማሌ ተራ ለመለዋወጫ የወረደ ሰው የቀረውን ያውቀዋል።

የመኪናው ዋጋ በዓመት በዓመት እየጨመረ በነበረ ጊዜ ይህ ወጪ ይሸፈን ነበር። ጭማሪው ሲቆም ግን ወጪው ራቁቱን ይወጣል።

ኤሌክትሪክ ሲመጣ

በ2014 ዓ.ም. መንግሥት ተገጣጥመው የሚገቡ የኤሌክትሪክ መኪኖችን ከኤክሳይዝ፣ ከተጨማሪ እሴትና ከሱር ታክስ ነፃ አድርጎ ቀረጣቸውን 15 በመቶ ላይ ወሰነ። በጥር 2016 ዓ.ም. ደግሞ ኤሌክትሪክ ያልሆነ የቤት መኪና ወደ አገር እንዳይገባ መከልከሉን የትራንስፖርትና ሎጂስቲክስ ሚኒስትሩ አስታወቁ። ከዚያ በኋላ ቢዋይዲና የፎልክስዋገን አይዲ 4 በየመንገዱ ይታዩ ጀመር።

እዚህ ላይ የድሮው ስሌት በሁለት በኩል ይናወጣል። የቤንዚን መኪና ክልከላው አቅርቦቱን ስለሚያጠበው ዋጋው ይያዝለት ይሆናል፤ የነዳጁ ዋጋ ደግሞ ገዢን ያሸሻል። የኤሌክትሪኩ መኪና በየቀኑ የሚያስወጣው ጥቂት ነው፤ ምንም እንኳ የመብራት ታሪፍ ከመስከረም 2017 ዓ.ም. ጀምሮ በአራት ዓመት ደረጃ በደረጃ እንዲጨምር ቢወሰን ከቤንዚን ጋር አይወዳደርም። ነገር ግን ባትሪ ያረጃል፤ በየዓመቱ የተሻለና የረከሰ ሞዴል ይወጣል። እንደ ዲኤክሱ ሠላሳ ዓመት ተነድቶ ዋጋውን ይይዛል ብሎ የሚገዛው ሰው መኪና ሳይሆን ተስፋ እየገዛ ነው። የአሮጌውን ዋጋ ደግፎ የያዘው የታክስ ግንብ እንደነበር አይዘንጋ፤ ለኤሌክትሪኩ ያ ግንብ በ2014 ዓ.ም. በውሳኔ ተነሥቶ ነበር።

እንግዲህ ምን ይደረግ?

መኪና አትግዙ የሚል ምክር ለሰልፈኛ አይነገርም። ከደላላው ጋር ከመውጣትዎ በፊት ግን ሦስት ነገር በወረቀት ያስፍሩ። አንደኛ፣ ይህ መኪና ከአምስት ዓመት በኋላ በግማሽ ዋጋ ቢሸጥ ቤተሰቡ ይችለዋል? ሁለተኛ፣ በውስጡ የሚቆመው ገንዘብ ሌላ ቦታ ቢውል፣ ሱቅም ይሁን ማሽን ወይም ትምህርት፣ ምን ያስገኝ ነበር? ሦስተኛ፣ በሳምንት ስንት ቀን ነው በእርግጥ የሚያስፈልገው? መልሱ ሁለት ቀን ከሆነ ለሁለት ቀን ኮንትራት ታክሲ መያዝ ይረክሳል።

መልሶቹ ሁሉ ግዛ ካሉ፣ ይግዙ። ሊብሬውን ያመሳክሩ፣ የሻንሲና የሞተር ቁጥሩን ያስመርምሩ፣ የሚያምኑትን መካኒክ ይዘው ይሂዱ። የከፈሉትን ግን በቁጠባ ሳይሆን በወጪ መዝገብ ያስገቡት። አንድ ቀን ተሽጦ ቢያተርፍ ያኔ ደስ ይበልዎ።