የአስታማሚ እጅ

ስትሮክ የመታው ሰው ከሆስፒታል ሲወጣ ሕክምናው ያበቃ ይመስላል፤ ረጅሙ ሥራ ግን ገና መጀመሩ ነው። የአንጎል የደም ሥር ተዘግቶ ወይም ፈንድቶ የሞተው ክፍል ተመልሶ አይነሣም። ከጉዳት የተረፈው ክፍል ግን የጠፋውን ተግባር በከፊል ሊረከብ ይችላል፤ ለዚህም ታማሚው ያንኑ እንቅስቃሴ ደጋግሞ መለማመድ አለበት። ይህን ልምምድ የሚመራው ሙያ የተሃድሶ ሕክምና ነው። ፊዚዮቴራፒስቱ መነሣትንና መራመድን፣ የንግግር ሕክምና ባለሙያው መዋጥንና መናገርን፣ የኦኩፔሽናል ቴራፒ ባለሙያው መልበስን፣ መታጠብንና መጉረስን እንደገና ያስለምዳሉ።

እነዚህ ባለሙያዎች በአገራችን ጥቂት ናቸው፤ ያሉትም በአብዛኛው በትልልቅ ከተሞች ነው። አዲስ አበባ ውስጥም ቢሆን ከእንጦጦ ግርጌ ካሉት ሰፈሮች ተነሥቶ፣ መገናኛ ላይ ታክሲ ቀይሮ ወደ ሕክምናው መድረስ ግማሽ አካሉ ለዛለ ሰው ራሱን የቻለ ፈተና ነው። በሳምንት ሁለት ጊዜ ለግማሽ ግማሽ ሰዓት ቢመላለስ እንኳ የቀሩትን 167 ሰዓታት የሚያሳልፈው በአስታማሚው እጅ ነው። ይህ እጅ ከፍቅር ብዛት ሊጎዳ ይችላል። የዛለውን ክንድ ስቦ ማንሣት የላላውን ትከሻ ያሳምማል፤ በጀርባው ለተኛ ሰው ውኃ ማጠጣት ፈሳሹን ወደ ሳንባ ሊያስገባ ይችላል፤ መጉረስ የሚችለውን ሁልጊዜ ማጉረስ ልምምዱን ይነጥቀዋል። አንደበቱ የተያዘውንም ልቡናው እንደጠፋ ቆጥሮ በፊቱ ስለ እሱ ማውራት ተስፋውን ይሰብራል። አስታማሚው ከመውጫው ቀን በፊት በባለሙያ ፊት ደጋግሞ አንሥቶ፣ አዙሮና አብልቶ መሠልጠን አለበት የምለው ለዚህ ነው።

ማስረጃው ግን ሁሉ ወደ አንድ ወገን አያደላም። እ.ኤ.አ. በ2004 ለንደን ውስጥ 300 ታማሚዎችን ይዞ የተደረገ ጥናት፣ የአስታማሚ ሥልጠና የታማሚውንም የአስታማሚውንም ኑሮ እንዳሻሻለና ወጪ እንደቀነሰ አሳይቷል። እ.ኤ.አ. በ2013 የወጣውና በ36 የብሪታንያ የስትሮክ ክፍሎች የተካሄደው ሰፊ ጥናት ግን ለውጥ አላገኘም። እ.ኤ.አ. በ2017 የወጣውም የሕንድ ጥናት፣ በ14 ሆስፒታሎች 1,250 ታማሚዎችን ተከታትሎ፣ በቤተሰብ የሚመራ ተሃድሶ ሞትንና ጥገኝነትን እንዳልቀነሰ ደምድሟል። «ታዲያ ቤተሰብን ማሠልጠን ምን ይረባል?» የሚል ጥያቄ ቢነሣ ተገቢ ነው። እኔ ከእነዚህ ውጤቶች የምረዳው ሥልጠናው ባለሙያን እንደማይተካ ነው። የሠለጠነ አስታማሚ ጉዳት ይከላከላል፤ ልምምዱን ግን የሚያስተካክልና የሚያሳድግ ባለሙያ ከኋላው ያስፈልገዋል። እ.ኤ.አ. በ2003 በተጀመረው የጤና ኤክስቴንሽን መርሐ ግብር ቤት ለቤት የሚሄዱ ሠራተኞች ይህን ክትትል ቢማሩ፣ በባለሙያውና በአስታማሚው መካከል ያለው ክፍተት ባዶ አይቀርም።

ሌላው ክርክር «ቤተሰቡ ወደ ወጌሻና ወደ ጸበል ይሄዳል እንጂ ሐኪም አይሰማም» የሚል ነው። በጸበሉ የታወቀው እንጦጦ ለዚህ መልስ አለው። በ1999 ዓ.ም. ፓትርያርክ አቡነ ጳውሎስ የኤችአይቪ መድኃኒትን ከጸበል ጋር አብሮ መውሰድ እንደሚቻል በይፋ ተናግረዋል። ሰው እምነቱ ተከብሮለት ሲነገረው ለመስማት ይቀርባል። ጸበል የሚሄደውን ታማሚ ከመገሠጽ ይልቅ የደም ግፊት መድኃኒቱን ይዞ እንዲሄድ፣ ወጌሻ የሚጠራውንም የላላውን ትከሻ እንዳያሳሽ በግልጽ መምከር ይሻላል። ታማሚውንም ምን እንደሚፈልግ መጠየቅ ያስፈልጋል። «የማይቻለውን ይመኛል» የሚል ስጋት አለ፤ ምኞት ግን ሊከፋፈል ይችላል። ከመገናኛ ታክሲ መሳፈር የሚሻ ሰው እግሩን እስከ መወጣጫው ማንሣት፣ በደህና እጁ መያዝና ተዟዙሮ መቀመጥ ይለማመዳል። እያንዳንዱ እርምጃ የሚለካ ነው፤ ለምን እንደሚደክምም ታማሚው ራሱ ያውቃል። አስታማሚው ያን ጊዜ እጁን መቼ እንደሚዘረጋና መቼ እንደሚሰበስብ ከታማሚው ይማራል።