የቴርሞሜትሩ ገመና

ጠጋ በሉማ። እንዲህ ያለው ወሬ ጮክ ተብሎ አይወራም።

ትሪያጅ ላይ የምንቀመጥ ነርሶች የምናውቀው፣ ለተሰላፊው ግን ቆም ብለን የማንነግረው ነገር አለ። ቴርሞሜትሩን ብብታችሁ ሥር እናደርጋለን፣ ኮስተር ብለን እናነባለን፣ ቁጥሩን ካርዱ ላይ እናሰፍራለን። እናንተ ደግሞ ፊታችንን ታነባላችሁ። «ስንት ነው ሲስተር?» «37.4።» «ውይ! ትኩሳት አለኝ ማለት ነው?» እኛ ዝም። ለምን ዝም እንደምንል ልንገራችሁ? መልሱ ቁጥሩ ውስጥ ስለሌለ ነዋ! አሁን ስንት ሰዓት ነው? ምን ጠጣችሁ? ምን ዋጣችሁ? ዕድሜያችሁስ? ፀሐይ ላይ ቆማችሁ ነበር? ይህን ሳላውቅ 37.4 ብቻውን ብዙም አያወራኝም።

መጀመሪያ 37 ራሱ ከየት እንደመጣ ስሙ። ካርል ቩንደርሊክ የሚባል ሐኪም ጀርመን አገር ላይፕሲግ ከተማ ውስጥ ወደ 25,000 የሚጠጉ ሕሙማንን ሙቀት ሲለካና ሲያስለካ ኖሮ እ.ኤ.አ. በ1868 መጽሐፍ አሳተመ። የጤነኛ ሰው ልክ 37 ነው ያለን እሱ ነው። ዓለም ተቀበለው፤ እኛም ትምህርት ቤት ሸመደድነው። አሁን ጓዳውን ልክፈትላችሁ። የሰውየው ቴርሞሜትር ረጅም ነበር፤ ብብት ሥር ተይዞ እስኪረጋ ሩብ ሰዓትና ከዚያም በላይ ይፈጃል። ከመቶ ዓመት በላይ ቆይቶ ከነዚያ መሣሪያዎች አንዱ አሜሪካ ሙዚየም ውስጥ ተገኘና ተፈተሸ። ምን ቢሆን ጥሩ ነው? ከአንድ ዲግሪ በላይ አስበልጦ ያነባል! እ.ኤ.አ. በ1992 በወጣ የአሜሪካ ጥናት 148 ጤነኛ ሰዎች በአፋቸው ሲለኩ አማካዩ 36.8 ሆነ።

ግን ሁሉንም በመሣሪያው አታሳብቡ። የስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች የአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት ዘማቾችን መዝገብ ሳይቀር አገላብጠው እ.ኤ.አ. በ2020 ባወጡት ጥናት፣ በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ የተወለዱ ወንዶች ከዛሬዎቹ በ0.6 ዲግሪ ገደማ ይሞቁ ነበር። የሰው ልጅ ራሱ ቀዝቅዟል ማለት ነው! ተመራማሪዎቹ የሚጠረጥሩት ምን መሰላችሁ? የድሮ ሰው ያልታከመ የሳንባ ነቀርሳ፣ የበሰበሰ ጥርስ፣ የማይድን ቁስል ተሸክሞ ይኖር ነበር፤ ሰውነቱም ቀን ከሌት ሲዋጋ ይሞቃል።

እኔ ከሁሉ የምወደው ግን የሰዓቱን ምስጢር ነው። ሰውነታችሁ በጣም የሚቀዘቅዘው ከሌሊቱ 10 እስከ 12 ሰዓት ባለው ጊዜ ነው። ጫፍ የሚደርሰው ደግሞ ከቀኑ 10 እስከ 12። በመካከላቸው ምንም ሕመም ሳይኖር የግማሽ ዲግሪ ያህል ልዩነት አለ። ያው የ1992ቱ ጥናት ለጤነኛ ሰው ያስቀመጠው ጣሪያ በማለዳ 37.2፣ ከሰዓት በኋላ 37.7 ነው። የሌሊት ተረኛ ነርስ ጎህ ሲቀድ 37.5 ስታይ ለምን ቀና እንደምትል ገባችሁ? የከሰዓቷ ባልደረባዋ ያንኑ ቁጥር ጽፋ ልታልፍ ትችላለች፤ ሁለቱም ልክ ናቸው።

ሴቶች፣ ይሄኛው ለኛ ነው። እንቁላል ከወጣ በኋላ ፕሮጄስትሮን የሚባለው ሆርሞን ሙቀታችንን ከ0.3 እስከ 0.5 ዲግሪ ከፍ አድርጎ የወር አበባ እስኪመጣ ድረስ ይይዘዋል። ጽንስ ካለ ደግሞ ከፍ እንዳለ ይሰነብታል። «ማታ ማታ ያተኩሰኛል፣ ምርመራው ግን ሁሉ ነፃ ነው» እያለች የምትጨነቅ ልጅ ስትመጣ ቀስ ብዬ የመጨረሻው የወር አበባዋ መቼ እንደነበር እጠይቃለሁ። ምሽት ሲደመር የወሩ ሁለተኛ አጋማሽ፤ ደምሩት እስቲ። ጥያቄው ከሕመሟ ጋር ምን እንዳገናኘው ግራ ይገባታል። ስነግራት ደግሞ ትከሻዋ ሲረግብ አየዋለሁ።

አሁን ወደ ማዕድ ቤት። በርበሬ የበዛበት ወጥ ስትበሉ ግንባራችሁ ያልበዋል፣ ጆሯችሁ ይግላል። ሙቀታችሁ የጨመረ ይመስላችኋል አይደል? ተታላችኋል! በርበሬ ውስጥ ያለው ካፕሳይሲን የሚነካው ምላስ ላይ ያለችውን፣ ከ43 ዲግሪ በላይ የሆነ ነገር ሲያገኛት የምትነቃውን ተቀባይ ነው። አንጎል «ተቃጠልን!» የሚል መልእክት ይደርሰውና ላብ ያዛል። እሳት ሳይነሳ ውሃ ተረጨ ማለት ነው። ይህችን ተቀባይ እ.ኤ.አ. በ1997 ለይቶ ያወጣው ዴቪድ ጁሊየስ እ.ኤ.አ. በ2021 የኖቤል ሽልማት ተካፍሏል።

አረቄው የባሰ አታላይ ነው። በደጋ ብርድ «ያሙቀኝ» ብሎ መለኪያ የሚያነሳ ሰው ፊቱ ቀላ፣ ደረቱ ሞቅ ይለዋል። የሆነው ግን ይሄ ነው፦ የቆዳው የደም ሥሮች ተከፈቱ፣ ደሙ ወደ ላይ ወጣ፣ ሙቀቱም ወደ አየሩ ሄደ። አልኮል መንቀጥቀጡንም ያዳክመዋል፤ መንቀጥቀጥ ደግሞ ሰውነት ሙቀት የሚያመርትበት መንገድ ነው። ስለዚህ ሰውየው «ሞቆኛል» እያለ ውስጡ ይቀዘቅዛል። እባካችሁ ጠጥቶ ደጅ የተኛ ሰው ካያችሁ «ጠጥቷል፣ አይበርደውም» ብላችሁ አትለፉት። ከሌላው ይልቅ የሚበርደው እሱ ነው።

ጫትስ? ጫት የእውነት ያሞቃል። ካቲኖን የሚባለው ንጥረ ነገር የልብ ምትንም የሰውነት ሙቀትንም ከፍ ያደርጋል። ግን ማን ይነግረናል! ከምርቃና የመጣ ሰው ልቡ እየመታ ቁጭ ይላል፣ «ምን ወሰድክ?» ስንለው «ምንም» ይላል። ንገሩን፣ ለማንም አናወራም።

ስለ መሣሪያዎቹም የሆነ ነገር ሹክ ልበላችሁ። የመስታወቱ ቴርሞሜትር ሜርኩሪው አንዴ ከወጣ በራሱ አይወርድም፤ አንገቱ ላይ ያለችው ጠባብ ቦታ ትይዘዋለች። ስናራግፈው አይታችሁ ይሆናል፣ እሱ ልማድ እንዳይመስላችሁ። ካልተራገፈ ከናንተ በፊት የነበረው በሽተኛ ትኩሳት በናንተ ስም ሊጻፍ ይችላል! ነርሷ ካላራገፈች በትሕትና ጠይቋት፣ መብታችሁ ነው። ብብታችሁ በላብ ከራሰ ደግሞ ቁጥሩ ዝቅ ይላልና ጠረግ አድርጉት። በአፍ የሚለካ ከሆነ ከቡናው በኋላ ሩብ ሰዓት እንኳን ታገሡ። በኮሮና ጊዜ በየበሩ ግንባራችን ላይ ይደገን የነበረው መሣሪያስ? የሚያነበው የቆዳን ሙቀት ነው። ፀሐይ ላይ ተሰልፎ የቆየ ጤነኛ ግንባሩ ይግላል፤ ከብርድ የገባ ትኩሳታም ቆዳው ቀዝቅዞ ሊያልፍ ይችላል።

እዚህ ላይ ፈገግታዬን ልሰብስብ፤ ስለ አያቶቻችን ነውና። ሰው ሲያረጅ ሙቀቱ ዝቅ ይላል፣ ትኩሳት የማንሳት አቅሙም ይደክማል። የሳንባ ምች የያዛቸው እናት 37.1 ይዘው ይመጣሉ፤ ልጃቸው «ተመስገን፣ ትኩሳት እንኳ የላትም» ይላል። እኔ የምጠይቀው ሌላ ነው። ምግብ ቀንሰዋል? ንግግራቸው ተምታታ? ከትናንት ወዲያ ቆመው ይሄዱ ነበር? አረጋውያን ላይ በሽታው ብዙ ጊዜ ቀድሞ የሚታየው እዚያ ነው። ጨቅላዎችም እንዲሁ ናቸው፤ ሁለት ወር ባልሞላው ሕፃን ላይ ከ35.5 በታች መውረድ የከባድ ሕመም ምልክት ተብሎ ይያዛል። «አይ፣ በረደው እንጂ አላተኮሰውም» ብላችሁ ጋቢ ደርባችሁ እንዳትቀመጡ፤ ደረታችሁ ላይ ለጥፋችሁ ቶሎ አምጡት። የእናት ገላ ማሞቂያ መሆኑ በቀልድ የሚወራ አይደለም፤ ክብደታቸው ዝቅ ያለ ጨቅላዎችን በእናት ደረት የማሞቅ ክብካቤ አዲስ አበባ ውስጥ ተፈትኖ ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2005 ታትሟል።

የመጨረሻው ምስጢር ትልቁ ነው። የወባ ትኩሳት ይመጣል፣ ይሄዳል። ቫይቫክስ የሚባለው ዓይነት በየ48 ሰዓቱ ገደማ ያንቀጠቅጥና ይለቃል። ሰው ሌሊት ሲንዘፈዘፍ አድሮ፣ ጠዋት ፓራሲታሞል ውጦ፣ እኔ ፊት ሲቀመጥ 36.9 ነው። ከቆላ መመለሱን ካልነገረኝ፣ እኔም ካልጠየቅኩ፣ ያ ቁጥር ይሸኘዋል። ለዚህ ነው ያለፉትን ሁለት ቀናት ትኩሳት የምንጠይቀው። ከ5 ዓመት በታች ሕፃናትን የምናክምበት መመሪያ ደግሞ ትኩሳት የሚለው በሦስት መንገድ ነው፦ 37.5 ወይም በላይ ከተለካ፣ ገላው ሲነካ ከጋለ፣ ወይም እናት «አተኩሶታል» ካለች። አዎ፣ የእናት ቃል ከመሣሪያው እኩል ተጽፏል!

እና አንቺ እናት፣ ቴርሞሜትሩ 36.8 ሲል «እኔ ነኝ ያካበድኩት» ብለሽ አትፈሪ። ሌሊቱን ሲቃጠል ማደሩን ንገሪኝ። ከስንት ሰዓት ጀምሮ እንደሆነ፣ ምን ያህል ሽሮፕ መቼ እንደሰጠሽው ጨምሪልኝ። 36.8ቱን እጽፋለሁ፤ አጠገቡ ግን «ትኩሳት፦ አለ» ብዬ ለሐኪሙ አሳልፈዋለሁ።