ከአራዊትና ከአዕዋፍ ጋር የተጎራበቱ መንደሮች፤ ከማርሳቢት እስከ ያቤሎ

በኬንያ በኩል ካለችው ሞያሌ ተነሥቶ ወደ ደቡብ የሚሄድ መንገደኛ 250 ኪሎ ሜትር ያህል ከተጓዘ በኋላ ደን የለበሰውን የማርሳቢትን ተራራ ያገኛል፤ ፊቱን ወደ ሰሜን መልሶ ድንበሩን የተሻገረ እንደ ሆነ ደግሞ ሜጋንና ዱብሉክን አልፎ፣ 200 ኪሎ ሜትር ገደማ ሲሆነው ያቤሎ ይደርሳል። በሁለቱም ወገን ለአራዊትና ለአዕዋፍ ማደሪያ ተብሎ በሕግ የተከለለ ምድር አለ፤ በሁለቱም ወገን የሰው መንደር ከዚያ ክልል ጋር ተጎራብቶ፣ አንዳንድ ጊዜም በውስጡ ተቀምጦ ይኖራል። ነገር ግን ከኢሲዮሎ እስከ ሞያሌ 500 ኪሎ ሜትር ያህል የተዘረጋው አስፋልት ከተፈጸመና በ2020 (ዓመታቱን ሁሉ እንደ አውሮፓውያን እንቆጥራለን) የሁለቱ መንግሥታት መሪዎች የጋራውን የድንበር ኬላ ከመረቁ ወዲህ፣ ተሳፋሪው በእነዚህ መንደሮች አጠገብ ዐይኑን ሳያቀና ያልፋል።

ከአራዊት መናፈሻ ጋር በተጎራበቱ መንደሮች በእንግሊዝ አገር የምናየው ከዚህ የተለየ ነው። በ1931 በቤድፎርድሺር ኮረብታ ላይ የዊፕስኔድ የአራዊት መናፈሻ ሲከፈት፣ በ1966ም በዊልትሺር የሎንግሊት ባለ ርስት አንበሶችን በርስቱ መስክ ለቆ ጎብኚው በመኪናው ውስጥ ሆኖ እንዲመለከታቸው ሲያደርግ፣ በአጠገባቸው ያሉት የዊፕስኔድና የሆርኒንግሻም መንደሮች የቀድሞ መልካቸውን እንደ ያዙ ቆዩ። በዊፕስኔድ መንደር አንድ ሰው በመጀመሪያው የዓለም ጦርነት የሞቱበትን ወዳጆቹን ለማሰብ በ1930ዎቹ መትከል የጀመረው፣ ግድግዳውም ዓምዱም መቅደሱም ሕያዋን ዛፎች የሆኑበት የቤተ ክርስቲያን አምሳል ይገኛል፤ አንበሳና ዝሆን ሊያይ የመጣ እንግዳ በዚያ ጥላ ሥር ዐርፎ፣ በመንደሩ ሻይ ጠጥቶ፣ ዐድሮም ይሄዳል። ይህም ውበት በአጋጣሚ የተገኘ አይደለም፤ በ1947 የወጣው የከተማና የገጠር ፕላን ሕግ ያለ ፈቃድ መገንባትን ስለ ከለከለ፣ በ1967 የወጣውም ሌላ ሕግ አንድ ሕንፃ ብቻ ሳይሆን ሰፈሩ በመላው እንደ ቅርስ እንዲጠበቅ ስላደረገ፣ መንደሬውም ከጎብኚው እንጀራውን ስለሚያገኝ ተጠብቆ የኖረ ነው።

በእኛ ምድር ያለው ጸጋ ከዚህ የሚበልጥ እንጂ የሚያንስ አይደለም፤ በዚያ አራዊቱ ከሩቅ አገር መጥተው በአጥር ውስጥ ሲኖሩ፣ በዚህ ፍጥረቱ በትውልድ ስፍራው ከሰው ጋር ያለ አጥር ይኖራልና። ኢጣሊያዊው ሊቅ ሞልቶኒ በ1938 ለዓለም ያስተዋወቃት፣ የአገሩን ሰው የዛቫታሪንና የጀርመናዊውን የስትሬስማንን ስም ያወጣላት የቁራ ዘመድ፣ ከያቤሎ፣ ከሜጋና ከአሬሮ አካባቢ በቀር በዓለም ላይ በየትም አትገኝም። ገላዋ ግራጫ፣ ክንፏና ጅራቷ ጥቁር፣ በዐይኗ ዙሪያ ያለው ራቁት ቆዳ ደማቅ ሰማያዊ ነው፤ በግራር ጫፍ ላይ የእሾህ ጭራሮ ከምራ ቤቷን ትሠራለች፤ ወደ ከብት በረትም ቀርባ እበት እየገለበጠች ነፍሳት ትለቅማለች። እንግሊዛዊው ቤንሰን በ1942 የገለጻትና በሜጋ ስም የተጠራችው ጅራተ ነጭ ጨረባ ደግሞ በቦረና ጎጆ ውስጥ፣ ከጣሪያው ሥር፣ ሰውና ጥጃ በሚያድሩበት ቤት ትፈለፍላለች፤ ይህን ያየ ሰው በመዝሙረ ዳዊት በእግዚአብሔር ቤት ማደሪያ ስላገኘችው ወፍ የተዘመረውን ያስታውሳል። እንግዲህ በያቤሎ መንደሩን የተከለለው መጠለያ ጎረቤት ብቻ ብሎ መጥራት አይበቃም፤ በረቱና ጎጆው የመጠለያው አካል ናቸው።

በ2012 የታተመ ጥናት የቁራይቱን ግዛት የሚወስነው ተራራ ወይም ወንዝ ሳይሆን የአየሩ ቅዝቃዜ መሆኑን አሳየ፤ በ2021 የወጣው ሌላ ጥናት ደግሞ ምድር በያዘችው መንገድ መሞቋን ከቀጠለች ቁራይቱ እስከ 2070 ድረስ ከሚስማማት ስፍራ እስከ 90 በመቶ ልታጣ እንደምትችል ገመተ። ከዚህም በላይ የቆየ በሽታ አለ። የቦረና ሕዝብ በገዳ ሥርዓት እየተመራ፣ በዝናብ ወራት ወደ ሩቅ ግጦሽ፣ በበጋ ወደ ጥልቆቹ የቱላ የውሃ ጉድጓዶች ከብቱን እያዘዋወረ፣ አሮጌውንም ሣር በጊዜው እያቃጠለ ሜዳውን ክፍት አድርጎ ሲጠብቅ ይኖር ነበር፤ በ1970ዎቹ ግን እሳት በመንግሥት ትእዛዝ ተከለከለ፤ ከዚያ ወዲህ የእሾህ ቁጥቋጦ ሜዳውን እየዋጠ፣ ሣሩ እየሳሳ፣ እርሻም በግጦሹ ላይ እየገባ ሄደ። የአገሬውን ዕውቀት ሳይጠይቅ የወጣው ይህ ክልከላ ደንን ለመጠበቅ ታስቦ ሜዳን ያጠፋ ነው ብዬ አምናለሁ። ከ2020 ማብቂያ ጀምሮ አምስት የዝናብ ወራት በተከታታይ በከሸፉ ጊዜም የቦረና ከብት በብዛት ረገፈ፤ ከብት ያለቀበት መንደር ሲፈታ ደግሞ ወፊቱም ከእበቱ የምትለቅመውን፣ ጨረባይቱም የጎጆዋን ጣሪያ ታጣለች።

በማርሳቢት በኩል ፕሬዚዳንት ኬንያታ በ1970 አሕመድ የተባለውን ባለ ረጅም ጥርስ ዝሆን ማንም እንዳይገድለው በዐዋጅ አስጠበቁት፤ በ1974 በእርጅና ሞተ፤ ምስሉም በናይሮቢ ብሔራዊ ሙዚየም ቆሞ ይታያል። ለአንድ ዝሆን የተደረገው ክብካቤ የሚያስመሰግን ነው፤ ሆኖም ዝሆን ሌሊት ማሳውን የሚረግጥበት የተራራው ገበሬ ካሳ የማግኘት መብቱ በ2013ቱ የዱር እንስሳት ሕግ ተጽፎለት ሳለ፣ ክፍያው እጅግ እየዘገየ ሲያማርር እንሰማዋለን።

ስለዚህ የማርሳቢት አውራጃና የቦረና ዞን ባለ ሥልጣኖች ከአባ ገዳዎችና ከመንደር ሽማግሌዎች ጋር ተቀምጠው፣ እሳት በየትኛው ወርና በየትኛው ሜዳ እንዲፈቀድ ይወስኑ፤ ከተከለለው ምድር መግቢያ ከሚሰበሰበው ገንዘብ የመንደሩን ድርሻ ለይተው ለመንደሩ ይስጡ፤ ካሳውንም በወቅቱ ይክፈሉ። እርስዎም አንባቢ ሆይ፣ ሞያሌን ተሻግረው ወደ ሰሜን ሲጓዙ በዱብሉክና በያቤሎ መካከል ከመኪናው ይውረዱ፤ ፈቃድ ጠይቀው ወደ መንደሩ ይግቡ፤ ወፎቹንም የሚያሳይዎትን እረኛ የድካሙን ዋጋ በእጁ ይስጡት።