ከጉርድ ፎቶ እስከ ግድግዳ

መንዝ ውስጥ ሚስቱ የሞተችበት አዛውንት ቤት የገባ እንግዳ፣ ዓይኑ ጨለማውን እስኪለምድ ጥቂት ይቆያል። ከዚያ ከመደቡ በላይ፣ በጭቃ ከተመረገው የድንጋይ ግድግዳ ላይ አንድ የሚያብረቀርቅ ነገር ያያል። መስታወት ነው። ከመስታወቱ ጀርባ ነጠላዋን የተከናነበች ሴት ፊት ለፊት ትመለከታለች። ትከሻዋ ቀጥ ብሏል፤ ፈገግታ የላትም።

ፈገግታ ያጣችው አዝና አይደለም። ፎቶው የተነሣው ለመታወቂያ ነው።

በመንዝ፣ በግሼና በመርሐ ቤቴ ደጋ የአንድ ትውልድ ሴቶች ብዙዎቹ በዕድሜያቸው ሙሉ ካሜራ ፊት የቆሙት አንዴ ወይም ሁለቴ ነው፤ ያውም ቀበሌ ጉርድ ፎቶ አምጡ ሲል። ባል ውትድርና ሲገባ ወይም ለጉዳይ ከተማ ሲወጣ የመነሣት ዕድል ነበረው። ሚስት ግን ከቤቷና ከማሳዋ ርቃ ፎቶ ቤት የምትሄድበት ምክንያት እምብዛም አልነበራትም። ስለዚህ ስትሞት ቤተ ዘመድ ሣጥን ከፍቶ የሚያገኘው ያችኑ ሦስት በአራት የሆነች ቁራጭ ነው።

ቁራጯ ወደ ፎቶ ቤት ትወሰዳለች። 3 በ 4 ሳንቲ ሜትር የነበረው ምስል 30 በ 40 ሲሆን ስፋቱ መቶ እጥፍ ያድጋል፤ ካሜራው ያልያዘው ዝርዝር ግን ስላደገ ብቻ ከየትም አይመጣም። ቅንድቡ ይደበዝዛል፤ የፀጉሩና የጀርባው ድንበር ይጠፋል። ይህን የሚሞላው የባለሙያው እጅ ነው። ድሮ በእርሳስና በቀጭን ብሩሽ ይነካካ ነበር፤ አሁን በኮምፒውተር ይሠራል። ለቀድሞው ነጠላ ካባ ይደረብለታል፤ አብረው ተነሥተው የማያውቁ ባልና ሚስት ጎን ለጎን ይቆማሉ። ግድግዳ ላይ የሚሰቀለው እንግዲህ ከፊሉ ፎቶግራፍ፣ ከፊሉ ሥዕል ነው። ደግ ሥራ ነው፤ ልክ ካለፈ ግን ይጎዳል። የግንባሯ መስመር ሁሉ ከተፋቀ፣ ባሏ ሲያያት የኖረው ሴት ቀርታ ሌላ ሰው ትሰቀላለች።

ካሜራ ለረጅም ጊዜ እንግዳ ሆኖ የቆየው ለገጠሩ ነው፤ ቤተ መንግሥት ቀድሞ ያውቀዋል። አርመናዊው ቤድሮስ ቦያጂያን እ.ኤ.አ. በ1905 መጥቶ የዳግማዊ ምኒልክ ቤተ መንግሥት ፎቶ አንሺ ሆነ፤ ልጆቹም ሙያውን ወርሰው ነገሥታቱን አንሥተዋል። በዚያ ዘመን መልኩ በወረቀት የሚቀርለት መኳንንቱ ነበር። ደገኛው በለቅሶ ላይ ሟቹን የሚያስታውሰው በንብረቱ ነው፦ ጠመንጃው፣ ጋሻው፣ ልብሱ ይወጣል፤ ፈረሱ ይሳባል። ለሴቲቱ ቀሚሷና ጌጧ ይያዛል። አልቃሽ ግጥሟን የምታወርደው እነዚህን እያየች ነው። የአማርኛ ሙሾ ደግሞ ስለ ሟች ከማውራት ይልቅ ሟችን «አንተ»፣ «አንቺ» እያለ ማናገር ይወዳል። ፎቶ በፍሬም ሲመጣ ለዚያ ንግግር ፊት ሰጠው። ዛሬ ልጅ ወይም እህት ፎቶውን በደረቷ ታቅፋ ለቀስተኛው መካከል ትገባለች፤ ሁሉም ወደዚያው ዞሮ ያለቅሳል።

ለቅሶን በጽሑፍ ካከበሩት ደራስያን አንዱ የዚሁ አገር ልጅ ናቸው። ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ በ1870 ዓ.ም. መርሐ ቤቴ ተወልደው፣ በ1910 ዓ.ም. «የልቅሶ ዜማ ግጥም» የተባለ መጽሐፍ አሳትመዋል። 

ሚስት ከሞተች በኋላ መልኳን ለማስቀረት መሯሯጥ የድሃ ገበሬ ዕጣ ብቻ አይደለም። የአሜሪካዊው ደራሲ ኤድጋር አለን ፖ ሚስት ቨርጂኒያ እ.ኤ.አ. ጥር 30 ቀን 1847 በሳንባ ነቀርሳ ስትሞት ገና 24 ዓመቷ ነበር። ካሜራ ከተፈለሰፈ ዓመታት አልፈዋል። ሆኖም የእርሷ መሆኑ የተረጋገጠው ብቸኛ ምስል በውኃ ቀለም የተሳለ ነው፤ የተሳለውም ከሞተች በኋላ፣ በድኗ እየታየ ነው። ዝነኛው ባሏ የነበረው ምስልና የመንዙ ባል ያለው ምስል በዚህ ይመሳሰላሉ፤ ሁለቱም በሌላ ሰው እጅ የተሟሉ ናቸው። የመንዟ ሴት ምስል ግን ዓይኗ ክፍት ሳለ የተወሰደ ነው።

ወደ መንዝ ስንመለስ፣ ከ3,000 ሜትር በላይ ከፍታ ባለው ብርዳም አገር እሳት ከቤት አይጠፋም፤ የኩበትና የእንጨት ጢስ ደግሞ ወረቀትን ያጠቁራል። ፎቶው ያለ መስታወት የማይሰቀለው ለዚህ ነው፤ ጥላሸቱ መስታወቱ ላይ ያርፋል፣ በጨርቅ ይወለወላል። የፀሐይ ብርሃን ፊት ለፊት የሚያገኘው ግድግዳም አይመረጥም፤ ቀለሙ ቶሎ ይነጣል። ይህ ሁሉ ተደርጎ ከደበዘዘ እንደገና ማሳጠብ ነው። ስለዚህም ትልቁ ከተሰቀለ በኋላ ትንሿ አትጣልም። በወረቀት ተጠቅልላ፣ የቀበሌው ማኅተም ጠርዟ ላይ እንዳለ፣ ወደ ሣጥኑ ትመለሳለች።